የሼኩ ዝምታ

«ቀስ በል እንጂ ራይኒር፣ ድንጋዩ ያዳልጣል!»

«አንቺ ነሽ የምትጎተቺው። ዛሬ እግርሽን ምን ያዘው?»

ማክትልድ ኦስተርፌን የወንድሟን ክንድ ጠበቅ አድርጋ በቦዩ ዳር መራመዷን ቀጠለች። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1911 ነው። ላይደን ላይ ካፊያው ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ የዛፎቹ ቅጠል ጥቁሩ ውሃ ላይ ረግፎ ጀልባ ሲያልፍ ብቻ ይነቃነቃል። ራይኒር ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ እሷ ስልሳ ስድስት። ዓይኑ ከደከመ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈው፤ አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያይም። ሆኖም ረጅሙን የሐር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከካፖርቱ ሥር ጥቁሩን የፕሮፌሰር ካባ ለብሶ ሲራመድ፣ መንገደኛው ገለል እያለ ባርኔጣውን ያነሳለታል። በእስልምና የመጀመሪያ ዘመን ላይ ብዕሩን የሚያነሳ የአውሮፓ ምሁር ሁሉ የራይኒር ኦስተርፌንን መጽሐፍ ሳይጠቅስ አያልፍም፤ ወይ ሊደግፈው፣ ወይ ሊሰድበው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አላት።

«ለስምንት ሃያ ጉዳይ።»

«እንግዲህ ልጁ አሁን ላቡ እየተንቆረቆረ ነው።»

ልጁ ያለው ዳውወ ዊያርዳን ነው። የፍሪስላንድ የገጠር ቄስ ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ለፕሮፌሰሩ ዐረብኛ ያነብ፣ የማክትልድንም የአተር ሾርባ ሁለት ሁለት ሳህን ይጠጣ ነበር። ባለፈው ዓመት ደማስቆ ከርሞ፣ እዚያም አንዲት አሮጌ የብራና ቅጠል አግኝቶ ተመለሰና የዶክትሬት ድርሳኑን አሳተመ። ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በጉባኤ ፊት ይሟገትበታል። በላይደን ወግ እጩው ከድርሳኑ ጀርባ አሥር አሥራ ሁለት አጫጭር አቋሞች ያትማል፤ የፈለገ ሊቅም ከመካከላቸው አንዱን መዝዞ ይሟገተዋል። የዳውወ ሰባተኛ አቋም እንዲህ ይላል፦ «ፕሮፌሰር ኦስተርፌን ስለ ሁነይዳ የጻፉት በደማስቆዋ ቅጠል ፊት አይቆምም።»

ሁነይዳ ማለት ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግራ ሐበሻ ምድር ገባች የምትባል ሴት ናት። የመሻገሯ ታሪክ በሷው አንደበት ተተርኮ በአንዳንድ የኋላ መጻሕፍት ይገኛል። ራይኒር ግን በታላቁ መጽሐፉ «ይህች ሴት አልነበረችም» ብሎ ፈረደ። ታሪኩን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንድ የባስራ ተራኪ ፈጠረው አለ። ማስረጃው ዝምታ ነበር። ሴትዮዋ ኖራ ቢሆን ኖሮ ቀደምቶቹ ጸሐፊዎች ቃሏን ይጠቅሱ ነበር፤ ሊጠቅሱት የሚገባቸው ሰዎች ዝም ካሉ ነገሩ አልነበረም ማለት ነው። ግማሹ አውሮፓ አጨበጨበለት፣ ግማሹ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቅበታል።

«ምን ብለህ ልትሞግተው ነው?» አለችው ማክትልድ።

«ሐሰተኛ ነህ ልለው ነው።»

ቆመች። እሱም አብሯት ቆመ።

«ራይኒር፣ ዳውወ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ማን እንደሆነ። ‹ቅጠሏን አየሁ፣ በእጄ ገለበጥኩ› ይላል። ቅጠሏስ የት አለች? የባለቤቷ ወራሾች ለነጋዴ ሸጠዋት ጠፍታለች። ከሱ ሌላ ያያት ሰው አለ? የለም። እኔ ግን ምስክር አለኝ።»

«ማንን?»

«የደማስቆውን ሼክ አብዱልገኒን።»

«ሼኩማ ሞተዋል።»

«ሞተው ነው የሚመሰክሩልኝ። ልጁ ቅጠሏ በሳቸው ቤት ነበረች ነው የሚለው። አሥር ዓመት ሙሉ ስንጻጻፍ ስለ ሁነይዳ ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው። ቅጠሏ ቤታቸው ብትኖር ዝም ይሉኝ ነበር? እኚያ ሰው? ዝም አሉ። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ መጻፉንም ተዉት፤ እኔም አልደገምኩላቸውም።» ራይኒር ድምፁ ትንሽ ሰለለ። «ምን እንዳስቀየምኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ያ ዝምታቸው ዛሬ ይጠቅመኛል።»

ማክትልድ ክንዱን ይዛ እንደገና መራመድ ጀመረች። ሼኩ ዝም አላሉም ነበር። ደብዳቤያቸው ጥር 1899 መጥቷል። የተቀበለችው እሷ ናት፤ እንደ ሌላው ደብዳቤ ሁሉ የከፈተችውም እሷ ናት። የወንድሟን የማስታወሻ ወረቀቶች ሃያ አምስት ዓመት ስትገለብጥ ዐረብኛውን ለምዳዋለችና እዚያው ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ሴትዮዋ ኖራለች ማለት ነው። ከዚያ ወንድሟ ትዝ አላት። ሚስቱ ኮርኔሊያ ከሞተች ሦስት ሳምንቷ ነበር። እህል አይቀምስም፤ ከማተሚያ ቤት የሚመጣለትን የመጽሐፉን እርማት ስታነብለት ብቻ ነበር ቀና የሚለው። ሲበረታ እነግረዋለሁ አለች። ዛሬ ነገ ስትል መጽሐፉ ወጣ። ከወጣ በኋላ ሽልማቱ መጣ፣ ከሽልማቱ በኋላ ምን ብላ ትንገረው? ደብዳቤውን ከገበታ ጨርቆቹ ሥር ሸሸገችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለማክትልድ ግን እያደር የጠራ ነገር አልነበረም፤ ዓመት በተጨመረ ቁጥር ሸክሙ ይብስባት ነበር።

የዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንጻ ደጃፍ ደረሱ። በሩ ላይ ኮርትሌፈን ቆሟል፤ የጉባኤው አጋፋሪ ነው፣ ጥቁር ካባ ለብሶ የብር ዘንጉን ይዞ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ስላሉት ሲንቀሳቀስ ይንሿሿል።

«አቶ ኮርትሌፈን፣ ወንድሜን ወደ ወንበሩ ያድርሱልኝ» አለችው። «ቤት የረሳሁት ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የረሳሽው?» አለ ራይኒር።

«መሀረብ» አለችና ፊቷን መለሰች።

ማክትልድ ከሮጠች አርባ ዓመት አልፏታል። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ በዚያ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ስትሮጥ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ሳቁባት። ቤት ስትደርስ ቁልፉ እምቢ አላት። ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ደግሞ ደብዳቤው ካስቀመጠችበት አልነበረም። ለካስ ባለፈው ፋሲካ ሌላ ቦታ አዙራዋለች፤ ጨርቁን ሁሉ ወለሉ ላይ እያራገፈች ስትፈልግ ደቂቃው ነጎደ። በመጨረሻ ከኮርኔሊያ የሠርግ ገበታ ጨርቅ እጥፋት ውስጥ አገኘችው። ኮቷ ውስጥ ከትታ እንደገና ሮጠች።

ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ኮርትሌፈን ከውጭ ቆሞ የኪስ ሰዓቱን ያያል።

«ይክፈቱልኝ።»

«ወይዘሪት ኦስተርፌን፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ጉባኤው ከተቀመጠ ንግሥቲቱም ብትመጣ አይከፈትም።»

«ወንድሜ ስህተት ሊሠራ ነው።»

«ፕሮፌሰሮች በየቀኑ ይሳሳታሉ። ለዚያ በር ብከፍት ኖሮ ስከፍትና ስዘጋ ዕድሜዬ ባለቀ።»

«ስንት ደቂቃ ቀረ?»

«ሰባት። ሰባቱ ሲሞላ እገባና ‹ሆራ ኤስት› እላለሁ።»

ምን ማለት እንደሆነ በላይደን የማያውቅ የለም፤ በላቲን ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። አጋፋሪው ይህን ካለ በኋላ አንዲት ቃል አይጨመርም። ፕሮፌሰርም ይሁን እጩ፣ ዐረፍተ ነገሩን ከጀመረበት ይቆርጠዋል።

ማክትልድ በሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሰባት ደቂቃ ዝም ብላ ብትቆም ሁሉ ነገር ያበቃል። ማንም አያውቅባትም። ዳውወ ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ አያጣም። ወንድሟ በክብሩ ይሞታል። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰብኩትም ብትል ውሸት ነው። ከውስጥ የራይኒር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ብዙ ሰው ሳቀ። የሚሳቀው በዳውወ ነበር።

«አቶ ኮርትሌፈን፣ እዚያ ውስጥ አንድ ሐቀኛ ልጅ ውሸታም እየተባለ ነው። እኔ ነኝ ያስባልኩት።»

አጋፋሪው ትክ ብሎ አያት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሟን በክንዱ ይዛ ስታመጣና ስትመልስ ነው የሚያውቃት፤ እስከ ዛሬ አልቅሳ አይቷት አያውቅም። በሩን በክንዱ ገፋ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔ አላየሁም» አለ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፍ ባለው ወንበር ላይ ሬክተሩና መምህራኑ በጥቁር ካባ ተደርድረዋል። ዳውወ ከፊታቸው፣ በወጉ እጩውን ከሚያጅቡት ሁለት ሚዜዎቹ መሀል ቆሟል፤ ሦስቱም ጭራ ኮት ለብሰዋል፣ የሱ የተዋሰው ስለሆነ እጅጌው አጥሮታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እጅግ የተማሩ ተቃዋሚዬ» ይል ነበር ዳውወ፣ ወጉ እንደሚያዘው፣ «ቅጠሏን በእጄ ይዣታለሁ።»

«እንግዲያው እጅዎን ይጠይቁልኝና ይመስክር!» አለ ራይኒር። ሳቁ እንደገና ተነሣ። «ክቡር እጩ፣ ሼክ አብዱልገኒ አል‑ሙነይር አሥር ዓመት ወዳጄ ነበሩ። ስለዚህች ሴት ጠየቅኳቸው፤ ዝም አሉ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እኚያ ሰው ያላቸውን ደበቁኝ፣ ወይ እርስዎ የሌለውን ፈጠሩ። የትኛው ነው?»

ዳውወ ያጠረውን እጅጌ ጎተተ። ሼኩን ቢሰድብ አፈረ፤ ራሱን ቢሰድብ ጠፋ።

«ከአድማጮች በኩል ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ራሷ ማክትልድ ናት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ማን ነው?» አለ ሬክተሩ መነጽሩን እያስተካከለ።

«ማክትልድ ኦስተርፌን።»

«ወይዘሪት፣ እዚህ የሚናገር ዶክተር ብቻ ነው፤ ማዕረጉ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ይፍቀዱላት ክቡር ሬክተር» አለ ራይኒር ፈገግ ብሎ። «እህቴ ናት፤ መሀረቤን አምጥታልኝ ነው።»

በዚህኛው ሳቅ አዳራሹ ተናወጠ። ማክትልድ ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

«ሼኩ ዝም አላሉም» አለች። «ጽፈዋል። ደብዳቤያቸው ጥር 1899 ደርሷል። ወንድሜ አላየውም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት። ይኸው ነው።»

ራይኒር ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማጥፋቱን የረሳ ይመስል ነበር። ወረቀቱን ዘረጋችና እያነበበች ተረጎመችው።

«‹አሰላሙ ዓለይኩም። ዓይኔ ላላየው ወንድሜ፣ በሆላንድ ላለው ሊቅ። የጠየቁኝን ሴት አገኘኋት። በአባቴ መጻሕፍት መሀል፣ በአንድ ጥራዝ ክዳን ውስጥ የተለጠፈች አንዲት አሮጌ ቅጠል አለች። የሁነይዳን ቃል የጻፈው ሰው ከልጅ ልጇ አፍ የሰማ ነው። እንዳለ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ።›»

ከዚያ የተገለበጠውን ራሱን በዐረብኛ ማንበብ ጀመረች። ሁነይዳ እንዲህ ትላለች፦ ባሕሩ ተቆጣብን፤ ወንዶቹ ይጸልዩ ነበር፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ነበር። ማክትልድ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አንድ ሌላ ድምፅ አብሯት ሲል ሰማች። ዳውወ ነው። ወረቀት አልያዘም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ደማስቆ ላይ የገለበጠውን በቃሉ ይላል። ልጄ በሐበሻ ምድር ዳርቻ አረፈ፤ የማላውቃቸው ሴቶች መጥተው አብረውኝ አለቀሱ፤ ጉድጓዱንም እነሱ ቆፈሩልኝ። ሁለቱ በአንድ ቃል፣ አንድም ሳያዛንፉ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ዐረብኛ የሚያውቁት መምህራን አንገታቸውን ደፉ። የማያውቁትም ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ደብዳቤው ይቀጥላል» አለች ማክትልድ። «‹ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ከሚያሳትሙት መጽሐፍ ጋር›...»

በሩ ተከፈተ። ቃጭሎቹ እየተንሿሹ ኮርትሌፈን ገባ፤ መሀል አዳራሹ ላይ ቆሞ ዘንጉን ወለሉ ላይ መታ።

«ሆራ ኤስት!»

ማክትልድ ቃሏን እንዳንጠለጠለች ወረቀቱን አጠፈች።

መምህራኑ ወጥተው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ዳውወ ዶክተር ተባለ። ሚዜዎቹ አቀፉት፣ እናቱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ራይኒር ከወንበሩ ተነሥቶ በእጁ እየዳበሰ ወደ ልጁ ሄደና ይቅርታ ጠየቀው፤ ምን እንዳለው ግን ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። ማክትልድ ያየችው ዳውወ የሽማግሌውን እጅ ስሞ አልለቅም ሲል ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ቤታቸው ገቡ። ራይኒር ካባውን ሳያወልቅ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። በዙሪያው በእሷ እጅ ጽሕፈት የተሞሉት የማስታወሻ ወረቀቶች በሣጥን በሣጥን ሆነው እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ በየመጽሐፉ መግቢያ ግን አንድም ጊዜ ስሟ ተጠቅሶ አያውቅም። ሻይ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። አልነካውም።

«ኮርትሌፈን አቋረጠሽ» አለ።

«አዎ።»

«ስንት መስመር ቀርቶሽ ነበር?»

«አምስት።»

«አንብቢው።»

አነበበችው። «‹ይህ ከሚያሳትሙት መጽሐፍ ጋር እንደሚጣላ አውቃለሁ። ነገር ግን ከወዳጄ የምሸሽገው ወረቀት የለኝም። ከተቀየሙኝ በዝምታዎ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ዳግመኛ አላስቸግርዎትም። ካልተቀየሙኝ ግን አንዲት ቃል ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።›»

«እጠብቃለሁ ነው ያሉት?»

«እጠብቃለሁ ነው የሚለው።»

«ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ሰባት።»

ራይኒር ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንባው ወደ ነጩ ጺሙ ሲወርድ አልጠረገውም። «ሰባት ዓመት» አለ። «እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ‹ሼኩ ረሱኝ፣ ሼኩ ኮሩብኝ› ስል። ‹ኮራብኝ› ብለው የሞቱት ግን እሳቸው ናቸው።»

«ኮርኔሊያ ከሞተች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር» አለች ማክትልድ። የምትናገረው ሁሉ ስንት ጊዜ በልቧ ያጠናችው ነበር፤ አሁን ከአፏ ሲወጣ ግን ረከሰባት። «እህል አልቀምስም ብለህ ነበር። ያ መጽሐፍ ባይኖር አትተርፍም ነበር ራይኒር። እፊትህ ላይ ላፍርሰው?»

«አውቃለሁ።»

«ለአንተ ብዬ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ። ለራስሽ ብለሽ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

እሷም አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ እሱ እንዳያውቅባት። ሐዘኗ ለሼኩ ይሁን ለወንድሟ ወይስ ለራሷ መለየት አልቻለችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች፤ አሁን ጎንበስ ብላ ብትፈልገውም አታገኘውም።

«ብዕር አንሺ» አላት።

አነሣች።

«ጻፊ። ‹ለተከበሩ ሼክ አብዱልገኒ። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ።›»

የብዕሩ ጫፍ ቆመ። «ራይኒር፣ ለማን ነው የምንልከው?»

«ሴት ልጅ አለቻቸው። ዊያርዳ ያውቃታል። መቃብራቸው ላይ ታንብብላቸው። ቀጥዪ። ‹አልተቀየምኩም። ሴትዮዋ ኖራለች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም በሕትመት እናገራለሁ።›»

ጻፈች። ከዚያ ጠበቀች። «የዘገየበትን ምክንያት ልጻፍ?»

ራይኒር የሻዩን ሲኒ ገፋ አደረገው።

«‹ጥፋቱ በዚህ ቤት ነው› በይና ተዪው።»

ጻፈችው። ጣቱን ይዛ ስሙ የሚያርፍበትን ቦታ አሳየችው፤ ፈረመ። ቀለሙን አደረቀችና ወረቀቱን አጠፈች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ይህን ስትሠራ እጇ ስቶ አያውቅም፤ ዛሬ እጥፋቱ ተጣመመባት።

«ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ» አለ ራይኒር፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ዊያርዳ እየመጣ ያነብልኛል። ጠይቄው እሺ ብሏል። የማስታወሻ ወረቀቶቹንም እሱ ያያቸዋል።»

ማክትልድ ቀና ብላ ሣጥኖቹን አየች። አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ የመጣላት ግን የማይረባ ጥያቄ ነበር።

«እሱ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። ፖስታው በየቀኑ ነው። ደብዳቤ ሲመጣልህ ማን ይክፈትልህ?»

«ማንም ይክፈተው፣ ማክትልድ» አላት። «አንቺ ብቻ አትክፈቺው።»